ቆጠራው «ሩሲያ» ይላል፣ ቤተሰቡ ግን ፖላንዳዊ ነው፤ መንደሩ እንዴት ይገኛል?

ሰላማዊት ዘቺካጎ
ሰላም ለዚህ ቤት። የባለቤቴ ቅድመ አያት በ1909 ገደማ በኤሊስ ደሴት (በኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ) በኩል የገባ ፖላንዳዊ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የ1910 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የትውልድ አገሩን «ሩሲያ»፣ የ1930ው «ፖላንድ» ይላል። ቤተሰቡ የሚያውቀው «ሎምዛ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። በአሜሪካ ወረቀቶቹ ሁሉ አልበርት ይባላል፤ በመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ግን የለም። በቀጥታ ወደ ፖላንድ ቤተ መዛግብት ብጽፍስ?

መዝገብ ፈላጊ
አሁን አትጻፊ። እዚያ መዝገቡ የተደራጀው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ሎምዛ» ደግሞ ከተማም፣ ወረዳም፣ ክፍለ ሀገርም ስለነበር ብቻውን የትም አያደርስሽም። በቆጠራው አትደናገሪ፤ በ1910 ነጻ የፖላንድ መንግሥት አልነበረም፣ ሎምዛም በሩሲያ ሥር ነበረች።

መርከቡ ላይ አልበርት ብለሽ አታገኚውም። «ቮይቼህ» ብለሽ ፈልጊ፤ በላቲን አዳልበርቱስ ስለሚባል ነው አሜሪካ ውስጥ አልበርት የሆነው። ስታንሊ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስታኒስዋቭ፣ ቼስተር ደግሞ ቼስዋቭ ነው። የቤተሰቡን ስም በተመለከተ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ ስም ቀየሩ የሚባለው ወሬ ነው፤ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው በመነሻው ወደብ ነበር። የጀርመን ጸሐፊ ከሆነ «ሽ»ን የሚጽፈው በኤስ-ሲ-ኤች ነው፤ ፖላንዶች በኤስ-ዜድ ይጽፉታል። መሐሉ ላይ ጭረት ያለውን ኤል ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያስገቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ቲ አድርገው አንብበውታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፈሽ ቀሪውን በኮከብ ምልክት ተዪው።

ስታገኚውም በመጀመሪያው ገጽ አታብቂ። ከ1907 ወዲህ ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱ ላይ በአገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ፣ ሌላው ላይ የትውልድ ቦታ አለ። ከሃምቡርግ ተነሥቶ ከሆነ የ1850–1934 የመነሻ መዝገብም ተርፏል። የብሬመን የዚያ ዘመን መዝገብ ግን ጠፍቷል።

አበበ ዘኒው ጀርሲ
እኔ ብሆን ከዜግነት ወረቀቱ ነበር የምጀምረው። ከሴፕቴምበር 27፣ 1906 በኋላ ቅጹ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ሆነ፤ የትውልድ ቦታ፣ የመርከቡ ስምና የገባበት ቀን ይጻፍበታል። ወረቀቱ ሁለት ነው፦ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን የገለጸበትና ማመልከቻው። መንደሩ አንዱ ላይ ብቻ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱንም ጠይቂ። የሚስቱን ወረቀት ፍለጋ አትድከሚ፤ ባሏ ከሴፕቴምበር 1922 በፊት ዜጋ ሆኖ ከሆነ እሷም በእሱ ዜጋ ስለምትሆን የራሷ አይኖራትም።

ዜግነት ካልወሰደስ? አሜሪካ ውስጥ ካገባ የፖላንዶች አጥቢያ የጋብቻ መዝገብ ይታያል፤ ቄሱ ብዙ ጊዜ ራሱ ፖላንዳዊ ስለሚሆን የመንደሩን ስም በትክክል ሊጽፈው ይችላል። የ1942ቱ የውትድርና ምዝገባ ካርድም አለ፤ ከኤፕሪል 28፣ 1877 እስከ ፌብሩዋሪ 16፣ 1897 የተወለዱትን ወንዶች ይሸፍናል።

ሰላማዊት ዘቺካጎ
ተባረኩ! በማመልከቻው መንደሩን አገኘሁ፣ በጄኔቴካም (የፖላንድ መዝገቦች የኢንተርኔት ማውጫ) የ1885 የክርስትና መዝገቡን። ግን በሩሲያኛ ነው፣ ቀኑም ሁለት ነው። የትኛውን ልያዝ?

መዝገብ ፈላጊ
በሩሲያ ሥር በነበረው የፖላንድ ግዛት ከ1868 ጀምሮ መዝገቡ በሩሲያኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በፖላንድኛ። የመጀመሪያው ቀን ሩሲያ ያኔ የምትጠቀምበት የጁሊያን አቆጣጠር፣ ሁለተኛው የጎርጎርዮስ (የፈረንጁ) ነው፤ በ1885 ልዩነታቸው 12 ቀን ነበር፣ ከ1900 ወዲህ 13 ሆነ (የኛና የሩሲያ ገና ጃንዋሪ 7 የሚውለውም በዚሁ ነው)። ከአሜሪካ ወረቀት ጋር የምታስተያዪው ሁለተኛውን ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ መግቢያው ላይ ያለው ቀን አባትየው ሕፃኑን ይዞ ቄሱ ፊት የቀረበበት ነው። የልደቱ ቀን ወረድ ብሎ ጽሑፉ ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንዴ የሳምንታት ልዩነት አላቸው። ታናናሾቹን ጄኔቴካ ላይ ካጣሽ ደግሞ አልተወለዱም ብለሽ አትደምድሚ፤ የዚያ አጥቢያ የትኞቹ ዓመታት እንደገቡ መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ የጎረቤት አጥቢያዎችን ሞክሪ። 100 ዓመት ያልሞላው የልደት መዝገብና 80 ያልሞላው የጋብቻና የሞት መዝገብ ያለው በፖላንድ የማዘጋጃ ቤት ክብር መዝገብ ቢሮ ነው።