ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ መኪናዬ የምታሰማቸው ድምፆች፦ ጊዜ የማይሰጠው የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ ነዋሪ ዘጠባሴ

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን በሥራዬ ምክንያት ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት አዘውትሬ እወርዳለሁ። የምነዳት መኪና በእጅ ማርሽ የምትሠራ የቤንዚን ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ዕድሜዋ የገፋ ቢሆንም ዘይቷን በጊዜው ስለምቀይርላት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አስቸግራኝ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ማሰማት ጀምራለች። የመጀመሪያው ጠዋት በውርጩ ሰዓት ሞተሩን ሳስነሣ ከኮፈኑ ሥር የሚወጣ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ጩኸት ሲሆን፣ ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሁለተኛው ፍጥነቴ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የሚጀምርና ከፍጥነቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ማጓራት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በምወርድበት ጊዜ ከፊት ጎማ በኩል የሚሰማ የብረት ፉጨት ሲሆን፣ ፍሬን ስይዝ አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ይብሳል።

ጋራዥ ወስጄ ባሳይም መካኒኩ በከተማው ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ «ምንም የሚሰማ ነገር የለም» ብሎ መለሰልኝ። በመጪው ቅዳሜ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ መውረድ አለብኝ። ከሦስቱ ድምፆች የትኛው ነው ጊዜ የማይሰጠው? ለመካኒኩስ እንዴት ባስረዳው ይሻላል?

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

መካኒኩ ዋሽቶዎታል ብዬ አላምንም። ከጠቀሷቸው ድምፆች አንዱ ብርድን፣ አንዱ ፍጥነትን፣ አንዱ ቁልቁለትን የሚጠብቅ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በከተማ መንገድ ላይ በዝግታ ለነዳ ሰው አንዳቸውም አይሰሙም። ስለዚህ ድምፁን በአፍ አስመስሎ ከማሰማት ይልቅ መቼ እንደሚመጣና ምን ሲያደርጉ እንደሚለወጥ መንገር ለመካኒክ ይበልጥ ይጠቅመዋል። እርስዎ እዚህ የጻፉትን እንዳለ ቢያነቡለት ግማሹ ሥራ ያለቀ ያህል ነው።

ጊዜ የማይሰጠው ሦስተኛው ነው። በብዙ መኪናዎች የፊት ፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትገኛለች፤ ሸራው ተበልቶ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ይህች ብረት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ መንካት ትጀምርና ያንን ፉጨት ታሰማለች። አምራቾቹ ሆን ብለው ለማስጠንቀቂያ ያደረጓት ናት። ፍሬን ሲይዙ ድምፁ መለዋወጡም ከዚሁ ጋር ይስማማል። እርግጥ ነው፣ አቧራና የዛገ ዲስክም ሊያፏጩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጎማው ወልቆ የሸራው ውፍረት በዓይን እስኪታይ ድረስ ሸራው አልቋል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ፉጨቱ ወደ ሻካራ የመፋጨት ድምፅ ከተለወጠ ብረት ከብረት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነውና ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት አይገባም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በመንገዱ ምክንያት ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መኪናዋ ከነተሳፋሪዋ ይህን ሁሉ ከፍታ ስትወርድ የሚፈጠረው ጉልበት በፍሬን ብቻ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሳሳ ሸራ ሙቀቱን በፍጥነት ወደ ፍሬን ዘይቱ ያስተላልፋል፤ ዘይቱ ደግሞ ለዓመታት ሳይቀየር እርጥበት የሳበ ከሆነ በቀላሉ ይፈላና ፔዳሉ እግር ሥር ሰነፍ ይሆናል። ስለዚህ ሸራው ደህና ሆኖ እንኳ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይያዙ፣ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ተጭነው ሳይሆን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይጠቀሙ። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ቆመው ያብርዱ እንጂ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ፤ ዲስኩ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማጓራቱ ከኩሽኔታ (ጎማው ያለ ሸካራነት እንዲሽከረከር ከሚያደርገው ክብ ብረት) ወይም ከጎማ ነው። ወደ ጫጫ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሌላ መኪና በሌለበት ሰዓት መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረጉ ያዳምጡ። ከዘንበሉ ጋር የሚለወጥ ከሆነ ኩሽኔታ ነው፤ የአስፋልቱ ዓይነት ሲለዋወጥ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጎማው ያለአግባብ ተበልቷል። የጠዋቱ ጩኸት ቺንጋ፣ ማለትም በሞተሩ ፊት የሚዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ስለሆነ ሊቆይ ይችላል።

መልስ፦ ሹፌር ከመንዝ

በፍሬኑ ጉዳይ ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ «ቺንጋው ሊቆይ ይችላል» በሚለው ላይ ግን አልስማማም። በዚያ ቺንጋ ላይ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተንጠልጥሏል፤ በብዙ መኪናዎች የውሃ ፖምፓውም በእሱ ይሽከረከራል። በሌሊት ጉም በጣርማ በር ላይ ቺንጋ የተበጠሰበት ሰው መብራቱ እየደከመና ሞተሩ እየጋለ መሄጃ ያጣል። ብርድ ላስቲኩን ግትር ያደርገዋል፤ ጠዋት ደግሞ ባትሪው ስለደከመ ዲናሞው ከወትሮው በላይ ይሸከማል። ስለዚህ የላላ ወይም የተሰነጣጠቀ ቺንጋ በዚያ ሰዓት ይንሸራተታል፤ ጩኸቱም የመንሸራተቱ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለው። ድምፁ እየተሰማ እያለ ከርቀት በጠርሙስ ጥቂት ውሃ በቺንጋው የውስጥ ገጽ ላይ ይርጩ፤ እጅዎን፣ ነጠላዎንና የአንገት ልብስዎን ግን ከሚሽከረከረው ነገር ያርቁ። ጩኸቱ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል ወይም አርጅቷል። ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሌጆች መስመር ስተው ሊሆን ይችላልና ቺንጋውን ብቻ መቀየር አይፈውሰውም። ቺንጋ ላይ ዘይት ወይም ሳሙና ቀብቶ ድምፁን ማጥፋት በየመንደሩ የተለመደ ነገር ነው፤ ዘይቱ ላስቲኩን ስለሚጎዳ እኔ ፈጽሞ አልመክረውም።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ዘጠባሴ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው በጫጫ መንገድ ሞከርኩት፤ መሪውን ወደ ግራ ዘንበል ሳደርግ ማጓራቱ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ይቀንሳል። አስፋልቱ ቢለዋወጥም አይለወጥም።

ሳልጠቅሰው የቀረ ሌላ ነገርም አለ። ከሸዋ ሮቢት በቀትር ሙቀት ሽቅብ ስመለስ፣ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ነዳጅ ስሰጥ ከሞተሩ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ደብረ ሲና ስቃረብ ግን እየጠፋ ይሄዳል። ከፍ ባልኩ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል ብዬ ስለምጠብቅ ነገሩ ግራ አጋባኝ። በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ ሞተሩ የሚጮኸው ጩኸትስ አይጎዳውም?

መልስ፦ የመኪና ትምህርት አስተማሪ

መሪው ወደ ግራ ሲዞር የመኪናዋ ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይጫናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀኝ በኩል ኩሽኔታ ነው። ይህ ምልክት እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ መኪናዋ በደልዳላ ቦታ በክሪክ ተነሥታና ከሥሯ አስተማማኝ መደገፊያ ገብቶላት ጎማው በእጅ ይዙር፤ ሻካራነት ካለው ወይም ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት የሚላወስ ከሆነ ይቀየር። መላወስ የጀመረ ኩሽኔታ ያለበት መኪና ቤተሰብ አይጫንበትም።

የጠጠሩ ድምፅ በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። ሙቀት፣ ከባድ ጭነትና ዝቅተኛ የሞተር ዙር ሲገጣጠሙ ይመጣል፤ እርስዎም በቆላው ሙቀት ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ሲወጡ ሦስቱን በአንድ ላይ አገናኝተዋቸዋል። ከፍታ ሲጨምር መጥፋቱ ሊያስገርምዎ አይገባም። በሸዋ ሮቢት ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 86 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በደብረ ብርሃን ከፍታ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ቢያንሰውም በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ያለጊዜው የመፈንዳቱ ነገርም ይቀንሳል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድምፁ እንደተሰማ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ለቀቅ አድርገው ወደ ሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ። በዚህም ካልጠፋ፣ ወይም በሜዳ ላይም ከተሰማ፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንደማይሞቅ፣ የካንዴላው ዓይነት ትክክል መሆኑንና የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) አለመዛባቱን ያስመርምሩ። ለረጅም ጊዜ ከተተወ ፒስቶን ይበላል።

ይህን ከሌላ ድምፅ ጋር እንዳያምታቱት። ከሞተሩ ታች የሚመጣ፣ ወፍራምና ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥን ኳኳታ፣ በተለይ የዘይት መብራት አብሮት ከበራ፣ ጋራዥ እስኪደርሱ የሚታገሡት አይደለም፤ ባሉበት አጥፍተው መኪናዋን ማስጎተት ነው።

በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁል ሲወርዱ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ግን የዙር መቁጠሪያው ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ ምንም አይጎዳም። የፍሬኑን ሸክም ሞተሩ ሲጋራ የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ እንዲያውም ሊሰማ ይገባል።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ዘጠባሴ

አመሰግናለሁ። ጎማዎቹን ዛሬ አስወልቄ ሸራውን አየሁት፤ በቀኝ በኩል ያለው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሆኗል፣ የግራው ግን ገና ይቀረዋል። የቀኙን ብቻ መቀየር ይቻላል? ኩሽኔታው እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ለሠርጉ በሕዝብ ማመላለሻ እንወርዳለን።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

አይቻልም። ግራና ቀኙ አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ቀኙ ብቻውን መበላቱ ደግሞ በዚያ በኩል ሸራውን የሚጫነው ፒስቶን ተጣብቆ ወይም ሸራው የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ በደንብ እንደማይመለስ ስለሚያመለክት፣ ያም ሳይጸዳና በሚገባው ቅባት ሳይቀባ አዲስ ሸራ አይግጠሙበት። ከተገጠመ በኋላም በቀጥታ ወደ ጣርማ በር ቁልቁለት አይሂዱ። በመጀመሪያ ደልዳላ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግመው በለስላሳው ፍሬን እየያዙና በየመሐሉ እንዲቀዘቅዝ እየተዉ ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ይንዱ።