ከሙዚየም ካታሎግ ስካን የተደረገ የብራና ሥዕል ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ያስጠይቃል?

ሐረገ ወይን
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግዕዝ ብራናዎች የቴሌግራም ቻናል አለን። ከአዘጋጆቹ አንዳችን አዲስ አበባ፣ ሌላችን ፍራንክፈርት ነን። ልንለጥፍ ያሰብናቸው ምስሎች ከሦስት ዓይነት ቦታ የተገኙ ናቸው፦ የብሪቲሽ ሙዚየም በ1877 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የግዕዝ ብራናዎች ካታሎግ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታተመና ሙዚየሙ ራሱ በነፃ በፒዲኤፍ ካስቀመጠው የኤግዚቢሽን መጽሐፍ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ከታተመ የሙዚየም ቡክሌት። አንዳንዶች «ሥዕሉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ማንም መብት የለበትም» ይሉናል። መጽሐፉ ደግሞ መግቢያው ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። የትኛውን እንያዝ?

ቀለም ቀንድ
ሁለቱም በከፊል እውነት ነው። አንድ የካታሎግ ገጽ ላይ ሥዕሉ፣ ሥዕሉን ያነሣው ፎቶግራፍ እና ማብራሪያው ተደራርበዋል። የሥዕሉ መብት ጥያቄ ውስጥ አይገባም። ማብራሪያው የጸሐፊው ነው፤ ስለዚህ ገጹን ከነጽሑፉ እንዳለ አትለጥፉ። የሚያከራክረው ፎቶው ነው።

የ1877ቱን ያለ ሐሳብ ተጠቀሙበት። አዘጋጁ ዊልያም ራይት የሞተው በ1889 ነው፤ ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጥሩት በእንግሊዝም በጀርመንም ሕግ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የጽሑፉን ገጾች ጭምር መለጠፍ ትችላላችሁ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች የተዘረዘሩት እዚያ ውስጥ ስለሆነ ለአንባቢዎቻችሁ ትልቅ ነገር ነው።

የነፃው ፒዲኤፍ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በነፃ ማውረድ መቻልና እንደገና የመለጠፍ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። የኒው ዮርኩን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውሰዱ፦ ከየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊዜያቸው ያለፈ ሥራዎቹን ምስሎች በሲሲ ዜሮ ለቋል፤ ይህም ማለት ሳትጠይቁ ለንግድም ቢሆን ትጠቀማላችሁ። የድሮ መጻሕፍቱንም በፒዲኤፍ አስቀምጧል፤ መጻሕፍቱ ግን ሲሲ ዜሮ አይደሉም። የኤግዚቢሽን መጽሐፍ ከሌላ ሙዚየም፣ ከገዳም፣ ከግል ሰብሳቢ በውሰት የመጡ ዕቃዎች ፎቶ ስለሚይዝ፣ አሳታሚው ራሱ ለዚያ መጽሐፍ ብቻ ፈቃድ ወስዶ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የፎቶ ባለመብቶች ዝርዝር አለ፤ መጀመሪያ እሱን ገልጣችሁ እዩ።

ከዚያ ከፎቶው ሥር ያለውን የሙዚየም ቁጥር ወስዳችሁ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ፈልጉ። ለምሳሌ ሜትሮፖሊታን ላይ 1998.66 ብትሉ በሥዕል ያሸበረቀው የኢትዮጵያ ወንጌል ይመጣል፤ ምስሉን ከነፈቃዱ ከዚያው ታወርዳላችሁ። የባልቲሞሩ ዋልተርስ ሙዚየምም የኢትዮጵያ ብራናዎቹን በሲሲ ዜሮ ያቀርባል። ድረ ገጹ ላይ ካለ ከመጽሐፉ ስካን ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

ራይን ማዶ
የፍራንክፈርቱ አዘጋጅ ይህን ልብ ይበል። ጀርመን ውስጥ ልክ እናንተ የጠየቃችሁት ዓይነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ሰው የማንሃይም ሙዚየም ሠራተኛ በ1992 እ.ኤ.አ. ያነሣቸውን ፎቶዎች ከሙዚየሙ ኅትመት ስካን አድርጎ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተባለው የነፃ ምስሎች ማከማቻ ላይ ጫነ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ለሙዚየሙ ፈረደ፤ ሥዕሎቹ የጥንት ቢሆኑም ፎቶዎቹ የ50 ዓመት ጥበቃ ነበራቸው።

በኋላ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2019/790 አንቀጽ 14 መጣ። ጀርመን ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕጓ አካታዋለች፦ ጊዜው ያለፈ የሥዕል ሥራ ታማኝ ቅጂ የራሱ ጥበቃ የለውም። አሜሪካ ውስጥም የምስል አከራዩ የብሪጅማንና የሶፍትዌር ኩባንያው የኮረል ክርክር በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋጨው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ይህ ሁሉ ያለ ክርክር የሚሠራው ለጠፍጣፋ ነገር ነው፤ የብራና ቅጠል ፊት ለፊት ሲነሣ። የመስቀል፣ የዘውድ ወይም የከበሮ ፎቶ ላይ ብርሃኑን፣ ማዕዘኑንና ዳራውን የመረጠው ፎቶ አንሺው ነው፤ መብቱም የሱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ «ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው» የሚል የሙዚየም ደንብ ጥሰው የራሳቸውን ፎቶ ያነሡትንም ያው ፍርድ ቤት ውል አፍርሳችኋል ብሏል። የቅጂ መብት ባይኖርም ውል ሊኖር ይችላል።

ቀለም ቀንድ
የአዲስ አበባውን ቡክሌት ረስቼው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ፎቶው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ ለጽሑፍ ግን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት። በ1985 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ ጊዜው አልቋል፣ በ1998 ዓ.ም. የተነሣው ገና ነው። የሚቆጠረው ፎቶው ከተነሣበት እንጂ ቡክሌቱ ከታተመበት ዓመት አለመሆኑን ልብ በሉ። ይህ ስሌት ለኢትዮጵያ ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ አይሠራም። ፎቶ አንሺው ተቀጣሪ ከነበረ፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር የገንዘብ መብቱ የአሠሪው ስለሆነ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤውን ለተቋሙ ጻፉ። የመጽሐፉን ስም፣ ገጹን፣ የዕቃውን ቁጥር፣ የት እንደሚለጠፍ፣ በስንት ፒክስል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ገቢ ይኑረው አይኑረው አስገቡበት። እነዚህ ካልተጻፉ ደብዳቤው ተመልሶ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ሐረገ ወይን
እጅግ እናመሰግናለን። ቻናላችን ላይ አልፎ አልፎ ማስታወቂያ እንለቃለን፤ ለውጥ አለው?

ስካነር
አለው እንጂ። የብሪቲሽ ሙዚየም ድረ ገጽ ምስሎች ፈቃድ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ሆኖ ስም መጥቀስን፣ ለንግድ አለማዋልንና በዚያው ፈቃድ ማጋራትን ይጠይቃል። ማስታወቂያ የሚከፈልበት ቻናል ለንግድ አይደለም ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ለእናንተ ሲሲ ዜሮ ይሻላል።

ከታተመ መጽሐፍ ራሳችሁ ስካን ካደረጋችሁ፦ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) ወስዳችሁ በኋላ ወደ 300 አውርዱ። በነጠብጣብ የታተመ ፎቶ በቀጥታ በ300 ሲወሰድ እንደ ወንፊት ያለ ሞገድ ይወጣበታል። ቴሌግራም «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ይጨምቀዋል፤ የብራናው ጌጥ፣ ሐረጉ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ይቀልጣል። በ«ፋይል» ላኩት። በፎቶ ስትልኩ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የባለመብት መረጃም ስለሚጠፋ፣ ከሥሩ በጽሑፍ አስቀምጡት፦ «ወንጌል፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ኒው ዮርክ፣ ቁጥር 1998.66፣ ሲሲ ዜሮ»። የፈቃዱን ገጽ ከነቀኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከምስሉ ጋር በአንድ ፎልደር አኑሩ። ድረ ገጽ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ ማስረጃችሁ እሱ ብቻ ነው።