ከመንገደኛ ያገኘሁትን እንዴት ላቆየው?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ለሥራ ብዙ እጓዛለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡ የማላውቃቸው ሰዎች አንዳንዴ ልብ የሚነካ ነገር ያወሩኛል። ባለፈው አንዲት እናት ከልጃቸው ቀብር እየተመለሱ፣ «ደክሞሃል መሰለኝ፣ ትንሽ ተኛ» አሉኝ። እግዚአብሔር እዚያው እንዳለ ተሰማኝ። ከአውቶቡስ ስወርድ ግን ጫጫታው ይውጠኛል፤ ሁሉም ይበተናል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት አብሯቸው የተጓዘው ኢየሱስ መሆኑን ያወቁት ማዕድ ላይ እንጀራ ሲቆርስላቸው ነው። ልባቸው የተቃጠለው ግን ገና መንገድ ላይ ሳሉ ነበር። እኔም ያ ሙቀት ይሰማኛል፤ ማቆየቱ ነው ያቃተኝ።

ማስታወሻ መያዝ ጀምሬ ነበር። የሰው ሐዘን ለራሴ የምሰበስብ መሰለኝና ተውኩት። በጣም የከበደኝም ይሄ ነው። እናንተ በጸሎት ብቻ ነው የምትይዙት? ወይስ የሰውን ምስጢር ሳይነኩ የሚጻፍበት መንገድ አለ?