ጥቆማ፦ ዓይኑን ለሚያመው ውሻ በመሐል አዲስ አበባ ምን ዓይነት መድኃኒት፣ ከየት?

ውሻቸው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ቀን እንደዋለና በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ምን ማስታገሻ እንደሚገኝ ለጠየቁን ወንድማችን፦ እኔም ባለፈው ክረምት በዚሁ ችግር ስለተንገላታሁ፣ ያየሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍልዎ።

ለውሻ ዓይን ማስታገሻ የሚመረጠው ሕመሙ ከምን እንደመጣ ከታወቀ በኋላ ነው። ኮርኒያ በሚባለው የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን ላይ የሚወጣ ቁስል፣ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ብግነት፣ እንዲሁም የዓይን ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚመጣው ግላኮማ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁሉም ዓይንን ያቀላሉ፣ ያስለቅሳሉ፣ ያስጨፍናሉ፤ ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት ግን ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

የእኔን ቦቢን የቧጨረችው የጎረቤት ድመት ነበረች። ሰፈርተኛው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሲመክረኝ፣ እኔ ደግሞ የተሻለ ያደረግሁ መስሎኝ ከአንድ መድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን የተቀላቀሉበት የሰው ዓይን ጠብታ ገዛሁ። በማግስቱ ቅላቱ ስለቀነሰ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን የዓይኑ ፊት ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ደፈረሰ፣ ምግቡንም ተወ። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች ቅላቱን ቢያጠፉም የኮርኒያ ቁስል እንዳይሽር ያግዳሉ፤ ቁስሉም እየጠለቀ ሄዶ ዓይኑ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ የፍሎረሲን ምርመራ የሚያደርግ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ፍሎረሲን ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት ናት፤ እርጥብ ተደርጋ ዓይኑን ስትነካ ቀለሙ ቁስል ያለበት ቦታ ላይ ይያዛል፣ በሰማያዊ መብራት ሲታይም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የቦቢ ቁስል ምስር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ሆና በዓይኔ ስትታየኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስጨምርበት እንደነበር ገባኝ። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ስልክ ደውለው ፍሎረሲንና የዓይን ግፊት መለኪያ እንዳላቸው ይጠይቁ። ክሊኒክን ከክሊኒክ የማወዳድረው ከሁሉ በፊት በዚህ መልስ ነው።

ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞች በመኪና መጓዝ ለማይችል ወይም እንግዳ ለማያስጠጋ የግቢ ጠባቂ ውሻ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ለክትትልም እመርጣቸዋለሁ። ለመጀመሪያው ምርመራ ግን ወረቀቷንና መብራቱን ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው ያረጋግጡ። የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች በአብዛኛው የሚይዙት ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ የሚሆነውን ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አልጠቁማቸውም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ደውሎ መጠየቁ አይከፋም።

ከነማና ቀይ መስቀልን ጨምሮ የሰው መድኃኒት ቤቶች የሚጠቅሙት የሐኪም ማዘዣ ተይዞ ሲኬድ ነው። 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን ያለ ስጋት ገዝተው ዓይኑን ሊያጥቡበት ይችላሉ። በየቤታችን የማይጠፋው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን ኢንፌክሽንን የሚከላከል እንጂ ሕመም የሚያስታግስ አይደለም። በምርመራ ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገውን ማደንዘዣ ጠብታም ወደ ቤት ውሰዱ ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ሲደጋገም ኮርኒያውን ይጎዳል።

ለቦቢ የታዘዘለት ስቴሮይድ የሌለበት አንቲባዮቲክ ጠብታ፣ አትሮፒንና ሜሎክሲካም የተባለ በአፍ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር። አትሮፒን በዓይን ውስጥ የተኮማተረውን ጡንቻ በማላላት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ግላኮማ ላለበት ዓይን ግን ግፊቱን ስለሚጨምር አይሆንም። ጠብታው በእንባ ቱቦ ወርዶ አፍ ውስጥ ሲደርስ እጅግ ስለሚመር፣ ቦቢ አረፋ በአረፋ ሆኖ ሲለሃጭ ተመርዟል ብዬ ነበር የደነገጥሁት። የዓይኑ ብሌን ለቀናት ሰፍቶ ስለሚቆይም ከፀሐይ ከልሎ ማቆየት ያስፈልጋል።

ሜሎክሲካምን በተመለከተ አንድ ስሌት ልንገርዎ። የተለመደው የውሻ መጠን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን 0.1 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቀን የሚያስፈልገው 1 ሚሊግራም ብቻ ሲሆን፣ የሰው አንዲት ፍሬ ግን 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ናት። ለውሻ የተዘጋጀው ፈሳሽ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ካርፕሮፌንም በዚሁ ረድፍ የሚቆጠር ጥሩ ማስታገሻ ነው። ሁለቱም ከምግብ ጋር ይሰጣሉ፣ ሁለቱን ግን አንድ ላይ አይስጡ፤ ውሻው ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው አቁመው ለሐኪሙ ይደውሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ የሚያቆስሉ፣ ኩላሊቱንም የሚጎዱ ስለሆኑ በፍጹም አይስጡት።

ከመድኃኒቱ እኩል የጠቀመኝ ዓይኑን በእግሩ እንዳያክ ያደረግሁለት መከለያ ነው። የአንድ አሮጌ ፕላስቲክ ባልዲ ቂጥ ቆርጬ፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዬና በፕላስተር አጣብቄ አንገቱ ላይ አሰርሁለት። በ12ኛው ቀን ቀለሙ በድጋሚ ሲደረግለት ዓይኑ ላይ ምንም አረንጓዴ አልቀረም።

የእርስዎ ውሻ ዓይን ካበጠ ወይም ወደ ሰማያዊ ከደፈረሰ፣ ወይም ውሻው ዕቃ መግጨት ከጀመረ፣ ግላኮማ በሰዓታት ውስጥ ሊያሳውር ስለሚችል ነገን አይጠብቁ። እስካሁን ጠብታ ጀምረውለት ከሆነም ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካገኙ ቀጣዩን ጠብታ ከማድረግዎ በፊት ለሐኪም ይደውሉ።