ሐኪሙ «ኦቲቲስ ሚዲያ» ብሎ ዘግቶታል፤ እኔ «መግል አለው» ማለት እችላለሁ?

ጀማሪ ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና ኮዲንግ (ሐኪሙ የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ መቀየር) ከጀመርኩ ገና 3 ወር ነው። አንድ የጆሮ ካርድ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የ4 ዓመት ልጅ ነው። ቀኝ ጆሮውን አሞት ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሯል። ሙቀቱ 38.7። ምርመራው ላይ «የቀኝ ታምቡር ቀልቷል፣ ወደ ውጭ ተነፍቷል፣ ቀዳዳ የለውም። ግራው ደህና ነው» ይላል። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ማጠቃለያው ላይ ስደርስ ግን ሁለት ቃል ብቻ፦ «ኦቲቲስ ሚዲያ» (የመሃል ጆሮ ብግነት)። ከሥሩ አሞክሲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ። አለቀ።

እኔም ታምቡሩ ከተነፋ ከጀርባው መግል አለ ማለት ነው ብዬ ኤች66.001 ሰጠሁት። አጣዳፊ፣ መግል ያዘለ፣ ታምቡሩ ያልተቀደደ፣ ቀኝ ጆሮ። ለሕመሙ ደግሞ ኤች92.01 ጨመርኩበት። ሥራዬን የምታርመው ልጅ ሁለቱንም ሰርዛ ኤች66.90 (ዓይነቱም ጆሮውም ያልተገለጸ ኦቲቲስ ሚዲያ) አድርጋ መለሰችልኝ። «ካርዱ ላይ የሌለ ነገር አትጻፊ» አለችኝ። ካርዱ ላይ እኮ አለ! ማናችን ነን የተሳሳትነው? የምንጠቀመው የአሜሪካውን የበሽታ ኮድ ዝርዝር፣ አይሲዲ-10-ሲኤምን ነው።

ካርድ አንባቢ፦
እህቴ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። አይክፋሽ፣ እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበርኩ።

ካንቺ ልጀምር። የታምቡር መነፋት ግኝት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ከግኝት ተነስቶ ስም የሚያወጣው ሐኪሙ ነው። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ቢሆንም እንኳ አንቺ አትችይም። ኤች66.00ን ለመስጠት «መግል ያዘለ» ወይም «ሰፑሬቲቭ» የሚለው ቃል ከእሱ እጅ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወድበት ደግሞ ሌላ ነው። «አጣዳፊ ኦቲቲስ ሚዲያ» ብሎ ቢጽፍልሽ እንኳ የኮዱ ማውጫ የሚወስድሽ ወደ ኤች66.9 ነው። አጣዳፊ ስላለ መግል አለ ማለት አይደለም።

አራሚሽ ደግሞ 90 ስትሰጥ «የትኛው ጆሮ እንደሆነ አልታወቀም» ማለቷ ነው። ቀኝ መሆኑ ተጽፎ የለም እንዴ? ጎኑን ከምርመራው ክፍል መውሰድ ይቻላል። ሐኪሙ ባይጽፈው ነርሷ የጻፈችውም ያስኬዳል፣ እርስ በርሱ ካልተጋጨ። ስለዚህ አሁን ባለው ጽሑፍ ኮዱ ኤች66.91 ነው። መጨረሻ ላይ 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም ጆሮ ነው።

ኤች92.01ን በመሰረዟ ግን ልክ ናት። የጆሮ ሕመም ከኦቲቲስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ለብቻው አይቆጠርም። ተመላላሽ ታካሚ ላይ «ኦቲቲስ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይገለበጥ ነበር። ጥርጣሬ ኮድ ስለማይሰጠው ያኔ የምትጽፊው ሕመሙን ነው።

ከ66.91 አልፈሽ መሄድ ከፈለግሽ ሐኪሙን ጠይቂው። ግን አደራ፣ «ሰፑሬቲቭ ብለው ያስተካክሉልኝ» እንዳትይ። ያ መጠየቅ ሳይሆን ማጉረስ ነው፤ ኦዲት ሲመጣ መዘዝ አለው። እንዲህ በይ፦ «ምርመራዎ ላይ የቀኝ ታምቡር መቅላትና መነፋት ተመዝግቧል። ማጠቃለያው ኦቲቲስ ሚዲያ ይላል። ዓይነቱን ሊገልጹልን ይችላሉ? መግል ያዘለ፣ መግል የሌለው ፈሳሽ ያለበት፣ ሌላ፣ ወይስ መለየት አይቻልም?»

የጆሮ ሐኪም፦
ጥፋቱ የእኛም ነው። በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ «ኦቲቲስ» ብሎ መዝጋት ይቀናል። ቢሆንም ኮደር ባይገምትልን እመርጣለሁ። ሕፃን ሲያለቅስ ታምቡሩ ይቀላል፤ መቅላቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጠንካራው ምልክት መነፋቱ ነው። ደግሞ ትኩሳትም ከባድ ሕመምም ሳይኖር፣ መግል ያልሆነ ፈሳሽ ከታምቡር ጀርባ ለሳምንታት የሚቆይበት ልጅ አለ። እሱ ኤች65 ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክም አያስፈልገውም። ሁለቱን ማምታታት ኮዱን ብቻ አይደለም የሚያበላሸው፤ የልጁን ታሪክም ያበላሻል። ነገ ሌላ ሐኪም ያንን አንብቦ ነው የሚወስነው።

ካርድ አንባቢ፦
ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር። በአጣዳፊው ሰፑሬቲቭ ታምቡሩ በራሱ ተቀዶ ከፈሰሰ ኤች66.01 ውስጥ ይገባል፤ ለቀኝ 66.011። መቀደዱ እዚያው ስላለ ኤች72ን (የታምቡር መቀደድ ኮድን) አትደርቡበት።

ሌላ አንባቢ፦
በዓለም ጤና ድርጅቱ አይሲዲ-10 የምትሠሩ ካላችሁ ይኼ የግራ ቀኝ ጣጣ የለባችሁም። እዚያ ኤች66.0 ብሎ ያበቃል። ሰፑሬቲቭ መሆኑ ግን እዚያም መጻፍ አለበት።

ጀማሪ ኮደር፦
ጠየቅሁት! ጥያቄውን ቃል በቃል ገልብጬ ነው የላክሁት (ይቅርታ ካርድ አንባቢ)። ዛሬ ጠዋት ካርዱ ላይ ጨመረልኝ፦ «አጣዳፊ ሰፑሬቲቭ፣ ቀኝ፣ ታምቡሩ አልተቀደደም። በዚህ ዓመት 4ኛው ነው።» ደስ ብሎኝ 66.001 ልሰጥ ስል 66.004 ትዝ አለኝ፤ ያው ሆኖ ተደጋጋሚ የሚለው። 4ኛው ነው ማለት ተደጋጋሚ ማለት አይደለም?

ካርድ አንባቢ፦
ቆጠረልሽ እንጂ ተደጋጋሚ አላለሽም። መልሰሽ ጠይቂው።

ጀማሪ ኮደር፦
ስሜን ሲያይ መደበቅ ሊጀምር ነው። እሺ፣ ልኬያለሁ።