ፈንታሌን ከአዳማ ደርሶ መልስ፣ ይቻላል?

ሶስና (አዳማ)፦
ሰላም የተራራ ሰዎች። እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በጥር መተሐራ አጠገብ ያለውን የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ልንወጣ አስበናል። ዝቋላን ወጥተናል። ከተራራው በስተደቡብ ድሮ እሳተ ገሞራ ያጠፋው ከተማ አለ ሲባል ሰምቼ እሱንም ለማየት ጓጉቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ማታ እንመለሳለን? ገመድስ ያስፈልጋል?

የመተሐራ ልጅ፦
ሶስና፣ መጀመሪያ ዝቋላን እርሺው። እዚያ ጫካ አለ፣ ጥላ አለ። ፈንታሌ ግራርና ድንጋይ ነው። 2007 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። መተሐራ ግን ከ1000 ሜትር በታች ናት፤ ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቅሻል፣ ያውም በዚያ ሙቀት።

ቅዳሜ ጠዋት መነሳቱን ተዪው። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና ደግሞ አያስኬድም። እናንተ ስትደርሱ ፀሐይዋ ቀድማችኋለች። ዓርብ መተሐራ እደሩና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መንገድ ጀምሩ። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር። በሰቃ ሐይቅ አለ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ውሃው አይጠጣም።

ገመድ ይቅር። ላይኛው ክፍል ግን በእጅም መቧጠጥ አለበት። ድንጋዩ ይንከባለላል፤ አንዳችሁ ከሌላው በታች በቀጥታ አትሁኑ። ባልጩቱ ምላጭ ነው፣ ወፍራም ጓንት ያዙ። አናቱ ላይ ውስጡ ትልቅ ገንዳ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ። ለሰልፊ ጠርዙ ላይ የምትቆሙ ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል!

ስለ ጠፍ ከተማው፦ በ13ኛው መቶ ዘመን እሳቱ ከተማና ቤተ ክርስቲያን አጠፋ ይባላል። አጥርና በር ያለው ፍርስራሽ ግን አትጠብቂ። ለእኔ ዓይን የሚሞላው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ በደቡብ በኩል የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። አሁንም ሣር እንኳ በወጉ አልያዘውም።

ቶላ፦
ሁሉም ልክ ነው፣ ግን መንቀጥቀጡን ማንም አላነሳም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ አካባቢው ስንት ጊዜ ተናወጠ! ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል፣ ቤት ተሰንጥቋል። መሬቱ ሰሞኑን ከተንቀሳቀሰ ቅሩ። ተራራው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዙ። ከአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ የከረዩ ልጅም መሪ አድርጉ። ከብት ይዞ ያደገበት ተራራ ነው፣ ክፍያውን ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ።

ሶስና፦
ጋሼ፣ ቶላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለታችን ስኒከር ብቻ ነው ያለን። ስንወርድስ በሌላ በኩል ብንዞር?

የመተሐራ ልጅ፦
ስኒከሩን ለአዳማ አስፋልት አስቀምጡት፣ ወፍራም ሶል ያለው ቡት ተዋሱ። ስትወርዱ በወጣችሁበት ውረዱ። ከላይ ሲያዩት አጭር የሚመስለው ቁልቁለት መሃሉ ላይ ገደል ሆኖ ይቆያል፣ ያኔ በቀትር ፀሐይ ተመልሶ መውጣት ነው።