ጥቆማ፦ ደሴ ሆኜ ኦቦ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልያዝ?

ባለ ውሰቱ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ አትሳቁብኝ። ኦቦ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ልገዛ ነው። ለማያውቀው፣ በሩቁ ክላርኔት የሚመስል፣ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አፉ ላይ ሪድ የሚባሉ ሁለት ስስ የሸምበቆ ልጦች ፊት ለፊት ታስረው ይሰካሉ። ድምፁ እነሱ ሲርገበገቡ ይወጣል።

ሙዚቀኛ አይደለሁም። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ነው የምውለው። ማታ ማታ ግን አራት ዓመት ሙሉ በጓደኛዬ ኦቦ ጎረቤት ስረብሽ ኖሬያለሁ። አሁን ጓደኛዬ "ዕቃዬን" አለኝ። እውነቱን ነው።

ሦስት ምርጫ አለኝ። አዲስ አበባ አንድ ያገለገለ የእንጨት ያማሃ አለ። ሄጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፋሁት። ድምፁ ማር ነው። ግን የታችኛው ሲ ቤሞል፣ የኦቦ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ፣ ጭራሽ አልወጣ አለኝ፤ ከሱ ከፍ ያለው ዶ የሚሉትም ይንተባተባል። ኮምቦልቻ ደግሞ አንድ ነጋዴ አዲስ፣ ስም የሌለው የፕላስቲክ አምጥቷል። ከሳጥኑ በወጣው ሪድ ሞከርኩትና እንደ ዳክዬ ጮኸብኝ። ዋጋው ግን የያማሃው ሲሶ ነው። ሦስተኛው፣ ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ለጥር ስትመጣ ያገለገለ የፕላስቲክ ላምጣልህ ብላኛለች። እሱን ሳልሞክረው ነው የምገዛው። የቱን ትላላችሁ?

የሸዋበር ልጅ፦
ኦቦ ፍለጋ ምን አዲስ አበባ አስኬደህ? ከሚሴ ውረድ። ኦቦ እገሌ፣ ኦቦ እገሌ፣ ሀገሩ ሙሉ ኦቦ ነው። በነፃ። ቡናም ያጠጡሃል።

ሐረጎ ላይ፦
ወንድሜ፣ ነጋዴ ስትል ሆዴን ባር ባር አለው። እኔ ለልጄ ክላርኔት በአንድ ሰው በኩል አስመጥቼ ነበር። ፎቶው ላይ የእንጨት ነው። ሲመጣ ፕላስቲክ። እሺ ይሁን አልኩ። ሳጥኑን ስከፍተው ሁለት ቁልፍ ተጣሟል፤ አንዱ መጋጠሚያ ቡሽ የለውም። ደወልኩ። "እኔ እንደታሸገ ነው ያስረከብኩሽ" አለኝ። በማግስቱ ስደውል ስልኩ አይነሳም። ልጁ ስንት ቀን አለቀሰ። አሁን ኳስ ይጫወታል። ክላርኔቱ አልጋ ሥር ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ማነው ሰውዬው? ስሙን በውስጥ ላኪልኝ። እኔም ለአንዱ ብር ልልክ ነበር።

ሐረጎ ላይ፦
ልኬልሃለሁ።

ፒያሳ፦
እኔንም እንዳትረሺኝ። የኔ የስልክ ቀፎ ነው፤ ግን ሳይሆን አይቀርም ያው ሰውዬ ነው።

የሰኞ ገበያው፦
እኔ የምለው፣ ወሎ ተቀምጠን በፈረንጅ ዕቃ ምን አስጨነቀን? ሰኞ ገበያ አጠገብ ማሲንቆ የሚሠሩ አባት አሉ። አባቴም ከሳቸው ነው የገዛው፣ እኔም። የፈረስ ጭራው ጥብቅ ነው፤ ቆዳው ንጹሕ። ተበላሸ ብለህ ስትወስድላቸው "አብሽር፣ ቁጭ በል" ብለው ዓይንህ እያየ ይሠሩልሃል። ዋስትና ማለት ይሄ ነው።

ባለ ውሰቱ፦
ማሲንቆ እወዳለሁ። የጠየቅሁት ግን ስለ ኦቦ ነው።

የሰኞ ገበያው፦
አንዴ ሂድና እያቸው። ሌላ አልልም።

ሠርገኛው፦
ሳክስፎን ግዛ። ሠርግ ላይ "ኦቦ ይምጣልን" የሚል ሙሽራ አይቼ አላውቅም።

ጡረተኛው ክላርኔት፦
ልጄ፣ እኔ በማርሽ ባንድ ክላርኔት ስነፋ ነው ያረጀሁት። ጎኔ ኦቦ የሚነፋ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዕቃውን አብረን ነበር የምንጠግን። ስለዚህ ትንሽ አውቃለሁ።

የኮምቦልቻውን በሳጥን ሪድ ሞክረህ አትፍረድበት። በውሰቱ ኦቦ ላይ የለመድከውን ሪድ ይዘህ ሂድ። ሁለቱንም በዚያው ሪድ ንፋ። አለዚያ ያወዳደርከው ሪድ ነው፣ ዕቃውን ገና አላየኸውም። ደግሞ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። ሐረጎን ስትወጣ ጆሮህ እንደሚደፈን ሁሉ ሪድም ከፍታ ሲቀየር ጠባዩን ይቀይራል። ከቻልክ ለምነህ ደሴ አምጥተህ ንፋው።

የያማሃው ሲ ቤሞል አለመውጣት አያስደንግጥህ። የታችኛው ድምፅ የሚወጣው ከበላዩ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ሲዘጋ ነው። አንዲት ፓድ፣ ማለት ከቁልፉ ሥር ሆና ቀዳዳውን የምትደፍነው ትንሽ ትራስ፣ በትንሹ ከተከፈተች ወይም አንዲት ማስተካከያ ብሎን ከላላች፣ ታች ያለው ሁሉ ይጠፋል። እንዲህ አድርግ። የላይኛውን ክፍል ለይተህ ቀዳዳዎቹን በጣቶችህ ድፈን። የታችኛውን ጫፍ በመዳፍህ ዝጋና ከላይ ምጠጠው። አየሩን ይዞ ከቆየ ደህና ነው። ወዲያው ከለቀቀ ያፈሳል። የትኛዋ ፓድ እንደሆነች ለማወቅ ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ከሥሯ አስገባ፤ ቁልፉን ተጫንና ወረቀቱን ሳብ። ሳትይዘው ሹልክ ካለ እሷ ናት። ይሄ በጥገና የሚድን ነገር ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻም ይሆንሃል።

የማይታለፈው ስንጥቅ ነው። በባትሪ እያበራህ የላይኛውን ክፍል እይ፤ በተለይ የትሪል ቁልፎቹን፣ ድምፅ ለማርገብገብ የሚነኩትን ትንንሾቹን፣ ቀዳዳ ዙሪያ። እንጨቱ ግሬናዲላ ነው፤ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚሄደው ጥቁር እንጨት። ብርቱ ነው፣ ግን ይኮራል። የኅዳርን የደሴ ጠዋት ታውቀዋለህ። ቀዝቅዞ ባደረ እንጨት ውስጥ ትኩስ ትንፋሽ ስትለቅበት ውስጡ ይለጠጣል፣ ውጪው ባለበት ይቀራል። ያኔ ጧ ይላል። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ብብቱ ሥር አሙቆት ነበር የሚጀምረው። እኛ እንስቅበት ነበር። የሱ አልተሰነጠቀም። ፕላስቲክ ከሆነ ይሄ ጣጣ የለብህም።

ባለ ውሰቱ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ነገ ወረቀቱን እገዛለሁ።

የሸዋበር ልጅ፦
የመድኃኒት ቤት ሰው የሲጋራ ወረቀት ሲገዛ ብናገኘው ምን እንበል? ለነገሩ ሪዱንስ ከየት ታመጣለህ? ቦርከና ዳር ወርደህ ሸምበቆ ቁረጥና ተገላገል።

ጡረተኛው ክላርኔት፦
አንተ ለቀልድ አልከው እንጂ ሪድ የሚሠራው እኮ ከሸምበቆ ነው። ስመ ጥሩው ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫር ከሚባል አገር ይመጣል። ለኦቦ የሚመረጠው ቱቦው ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ነው። ተቆርጦ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ይላጋል። ከዚያ ገና በቢላዋ መፋቁ አለ። ከቻልክ ሞክረው።

የሸዋበር ልጅ፦
ይቅርታ ጋሼ። ከሚሴ ይሻለኛል።

የሙዚቃ ተማሪዋ፦
ስትሞክር ስኬል ብቻ አትንፋ። አምባሰል ንፋበት። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። ከሬ ቤሞል ወደ ፋ ስትዘል የቀኝ ቀለበት ጣትህ ከቀዳዳው ተነስቶ የፋን ቁልፍ መያዝ አለበት፤ መሀል ላይ ድምፁ ይቆረጣል። ሹካ በሚሉት አያያዝ ከነፋኸው ደግሞ ብዙ ዕቃ ላይ ይታፈናል። በግራ እጅ የሚነካ የፋ ቁልፍ ካለው ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል። ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይቺ ቁልፍ የለችም። ወሎ ተቀምጠህ አምባሰል የማይሄድበት ዕቃ ከገዛህ የጦሳ ተራራ ራሱ ይታዘብሃል።

የጀርመኑን ደግሞ ኦክታቭ ቁልፉ፣ ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን የሚያዘልለው፣ ምን ዓይነት እንደሆነ አስጠይቅ። እዚያ ሙሉ አውቶማቲኩን፣ በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚሠራውን፣ የሚወዱ ብዙ ናቸው። የለመድከው ሁለት ቁልፍ ያለው ግማሽ አውቶማቲክ ከሆነ ጣትህ ግራ ይጋባል። ፕላስቲክ መሆኑ ግን አያስጨንቅህ። ያማሃ ራሱ ለጀማሪ የፕላስቲክ ይሠራል።

ባለ ውሰቱ፦
የኮምቦልቻው ላይ ይቺ ቁልፍ የለችም፤ አሁን ፎቶውን አየሁት። ያማሃው ላይ ልብ አላልኩም። ሲ ቤሞሉ ሲያናድደኝ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

ሐረጎ ላይ፦
አሁንም የነጋዴውን እያሰብክ ነው? ያን ሁሉ የነገርኩህ ለማን ነው?

ቦርከና ማዶ፦
እረ የኮምቦልቻን ነጋዴ ስም አታጥፉ። እኔ ከዚያው ስፒከር ገዝቼ ሦስት ዓመቴ። አንድ ቀን ጭጭ ብሎ አያውቅም።

ሐረጎ ላይ፦
ስፒከር ትንፋሽ አይፈልግም። ደግሞ የኔ ነጋዴ የኮምቦልቻ ነው ያለ ማነው?

ቧንቧ ውሃ፦
የላክሽልኝ ስም ግን የኔ ሰውዬ አይደለም። ብሩን ላኩ እንግዲህ?

ሐረጎ ላይ፦
እኔ ምን አውቄ ወንድሜ! ዕቃውን ሳታይ ምንም አትላክ።

ሠርገኛው፦
አሁንም ሳክስፎን እላለሁ።

ባለ ውሰቱ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ሰላም ናችሁ? የላይኛውና የታችኛው ክፍል መጋጠሚያ ቡሽ ደርቆ እንቢ አለኝ። የቡሽ ቅባቱን ደሴ ላይ አጣሁት። መድኃኒት ቤታችን ቫዝሊን ሞልቷል፤ ይሆናል?

ቧንቧ ውሃ፦
ገዛህ ማለት ነው? የቱን?

ጡረተኛው ክላርኔት፦
ቫዝሊኑን ተወው፤ ውሎ አድሮ ቡሹን ከሙጫው ያላቅቅብሃል። እኛ ሲቸግረን ንጹሕ የንብ ሰምና ጥቂት ሞራ አንድ ላይ አቅልጠን እናቀዘቅዝ ነበር። በጣትህ ጫፍ ስስ አድርገህ ቀባው። ስትገጥም እያዞርክ አስገባ፣ አትግፋው።

የሙዚቃ ተማሪዋ፦
እኔም ቧንቧ ውሃን ልድገም፤ የቱን ያዝክ? የግራ ፋ አለው?

የሰኞ ገበያው፦
ማሲንቆ ቡሽ የለውም።